በአፍንጫ የሚለካ ማለስለሻ

እትዬ ሽቶ ከግቢዋ መውጣቷን ቀድሞ የሚያውቀው መንገዱ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ ነበር። ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ያስነጥሰዋል። መዶሻውን ጭኑ ላይ ያሳርፍና «እየመጣች ነው» ይላል። እውነትም ጥቂት ቆይቶ፣ የታጠፈ ልብስ የሞላ ሳፋ በወገቧ ደግፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ብቅ ትላለች። «ይማርህ» ትለዋለች ስታልፍ። የሰውየው ጉንፋን ዓመት ሙሉ የማይለቀው ይመስላታል። «ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ሳንባው ተገልብጦ ይወጣል፤ የሚያሳክመው ዘመድ የለውም?» እያለች ለሰው ታዝንለታለች።

ስሙን ያወጣችላት ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጠጉር ሠሪ ናት። ጠጉር ሠሪዋ ለሰው ሁሉ ስም ታወጣለች፤ የገዛ ባሏን እንኳ ከመስኮት ስለማይነሣ «መጋረጃው» ነው የምትለው። እትዬ ሽቶ ግን ስሙን ስትሰማ አልተቀየመችም። ሌላው የሰፈር ሰው ወፍራሙ፣ ለፍላፊው፣ ቀበጡ እየተባለ ሲጠራ እሷ በሽቶ መጠራቷ ሹመት መስሎ ተሰማት።

መተዳደሪያዋ የሰው ልብስ ማጠብ ነበር። ባሏ የሞተው ልጇ ገና በዳዴ ስትሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያቺን አንድ ልጅ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻትና የዳረቻት በሳሙና ውሃ ነው። ከቤቱ ጀርባ ጣሪያው ዝቅ ያለ የማጠቢያ ክፍል አላት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ እሷ የምትቆምበት ቦታ ተልጦ ጎድጉዷል። ግድግዳው ሥር ሳፋዎቹ በየመጠናቸው ተደራርበዋል። ጥጉ ላይ ጎኑ የዛገ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ መጭመቅ ሲጀምር እየተንቀጠቀጠ ወደ በሩ መሄድ ይወዳል። «ወዴት ነው? ማን ፈቀደልህ?» ትለውና በዳሌዋ ገፍታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

ሙያዋ ግን ማጠቡ ላይ ሳይሆን ማለስለሻው ላይ ነበር። ልብሱ ታጥቦና ተለቃልቆ የመጨረሻው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ማለስለሻውን በጠርሙሱ ክዳን እየለካ ይጨምራል። እሷ ክዳን አታውቅም። ጠርሙሱን ዘንበል ታደርግና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋን ወደ ሳፋው አቅርባ ታንቆረቁራለች። ሽታው ከውሃው ተነሥቶ ሲነካት «በቃህ» ትላለች። ልጇ ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ ለምን በክዳኑ አታደርጊም?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ክዳን ለማያውቅ ሰው ነው። የኔ መስፈሪያ ይኼ ነው» አለችና አፍንጫዋን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

እውነቷን ነበር። በደጉ ጊዜ ልኩን አትስትም። አንሶላዋ ላይ የተኛ ሰው አበባ መሐል እንዳደረ ሆኖ ይነሣል፤ ሹራቧ የለበሱትን ሰው አቅፎ የያዘ ይመስላል። ለባሎችም ውለታ ውላለች። ሸሚዙ ላይ የማይታወቅ ሽታ የተገኘበት ባል ሁሉ «የእትዬ ሽቶ ነው» ይል ጀመር፤ ይኼ መከታ ብዙ ትዳር ከመፍረስ አድኗል። በኋላ አንዷ ሚስት ነቃችና የባሏን ሸሚዝ ይዛ ጠጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄደች። ጠጉር ሠሪዋ አሸተተች፤ ገልብጣም አሸተተች። «እህቴ፣ ጀርባው የእትዬ ነው። ኮሌታው ግን የሌላ ነው» ብላ ፈረደች። ሰውየው ያን ዕለት ያደረው ወንድሙ ቤት ነው።

ነገር የተበላሸው በአንድ ክፉ ጉንፋን ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ ከርማ ያዛትና፣ ራሷን በሻሽ አሥራ፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ ሰነበተች። ስትነሣ ጉንፋኑ ሄዷል፤ ማሽተቱም አብሮት ሄዷል። ጉዱ፣ ይህን እሷ አላወቀችም። ዓይኑ የጠፋበት ሰው ጨለማውን ያያል፤ ጆሮው የደነቆረበትም የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል። አፍንጫ ግን ሲሄድ ደህና ሁኑ አይልም። እሷ የመሰላት ሽታ ያጣው ዓለሙ ነው፤ ሳሙናው ዘንድሮ ረከሰ፣ ሽንኩርቱ ዘንድሮ አይረባም፣ ማለስለሻውም ዘንድሮ ውሃ ነው።

ጠርሙሱን ይዛ ባለሱቁ ላይ ወረደችበት።

«ስማ አንተ! ውሃ እየቀላቀልክ ነው የምትሸጥልኝ?»

«ኧረ እትዬ! እሽጉን የከፈትሽው ራስሽ አይደለሽ እንዴ?»

«እስቲ አሽተው!»

ባለሱቁ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሸታል እኮ» አለ በሳል መሐል።

«ውሸታም! ገበያ እንዳይቀርብህ ብለህ ነው የምታለቅሰው።»

ሰማያዊውን ትታ ሮዙን ያዘች። ሮዙን ትታ ሐምራዊውን ያዘች። ሐምራዊው ጠርሙሱ ላይ «ድርብ መዓዛ» ይላል፤ ለእሷ ድርቡ ቀርቶ ነጠላውም አልመጣላትም። መስፈሪያዋ አፍንጫዋ ነውና አፍንጫዋ «በቃህ» እስኪል ትጠብቃለች። አፍንጫዋ ዝም፤ እሷም ታንቆረቁራለች። የምታቆመው እጇ ሲዝል ነበር።

ሰፈሩ ጉድ አየ። ፎጣዋ ውሃ መጠጣት አቆመ፤ ፊቱን ታጥቦ የሚያብስበት ሰው ውሃውን ከግንባሩ ወደ አገጩ ያዛውረዋል እንጂ አይደርቅም። ሹራቡ ሲይዙት ያሟልጫል። አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ ረዳቱ ሳይጠየቅ መስኮት ይከፍታል። ጠጉር ቤት የተሰበሰቡት ሴቶች የእሷን ጉዳይ ሳያነሡ አንድም ጠጉር አይደርቅም። ያልተነገራት ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷው ራሷ።

ለምን አልነገሯትም ቢባል፣ የሞከረች ነበረች። አንዲት የትምህርት ቤት አስተማሪ ልብሷን ልትወስድ መጥታ «እትዬ፣ ማለስለሻውን ትንሽ ቀነስ ብታደርጊው ምን ይመስልሻል?» አለቻት፤ ያውም እየተሽኮረመመች። እትዬ ሽቶ የአስተማሪዋን ልብስ ከገመዱ ላይ እርጥቡን ለቅማ፣ ደረቷ ላይ አስታቀፈቻትና በሩን ከፈተችላት። «መዓዛ የማይወድ ሰው ጭቃ ላይ ይንከባለል!» የሚለው ድምፅ እስከ መንገዱ ተሰማ፤ ልትጠይቃት መጥታ የነበረችው ልጇም ሁሉንም በዓይኗ አየች። ከዚያ ወዲህ ማን ምን ቆርጦት ይናገራል? ጠጉር ሠሪዋን «አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፤ ንገሪያት» ሲሏት «እኔ ሰው አማለሁ እንጂ ለሰው አልናገርም» አለች።

በዚህ መሐል ልጇ ወለደች። ልጇ የምትኖረው ራቅ ካለ ሰፈር፣ ሚኒባስ ሹፌር አግብታ ነው። ሴት ልጅ መጣች፤ እትዬ ሽቶ ደስታው አሰከራት። «ልብሷን ከኔ በቀር ማንም አያጥብም!» ብላ ዐወጀች። አውራ ጣት የሚያካክሉ ካልሲዎች፣ ክንድ የማይሞሉ ሸሚዞች፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉንም በየተራ በማለስለሻ ዘፍዝፋ፣ አድርቃ፣ በካውያ ተኩሳ ትልካለች። ሕፃኗን ይዘውላት ሲመጡም ቀኑን ሙሉ ከደረቷ አታወርዳትም።

ሕፃኗ በአያቷ እቅፍ በዋለች ቁጥር ደረቷ ማፏጨት ያዘ። ሐኪም ቤት ተመላለሱ። በመጨረሻ ሐኪሙ ብርድ ልብሷን አንሥቶ አሸተተና «ይኼን ማን ነው ያጠበው?» አለ። እናትዬዋ ብርድ ልብሱን ተቀብላ አጣጠፈችው። «ሽታ ያለው ነገር አታስነኳት። ማለስለሻ፣ ሽቶ፣ ጭስ፣ ሁሉም ይቅር። የልጅቱ ደረት አይችለውም፤ አንድ ቀን ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ልጇ ሕፃኗን ይዛ መምጣቱን ተወች። ምክንያቱን ግን አልተናገረችም። የተናገረችው ለባሏ ብቻ ነው።

«ያሳደገኝ ሽታ ልጄን አሳመማት ብዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት? እማዬ ከዚህ ሌላ የምትኮራበት ምን አላት?»

«እና ምን ልትያት ነው?»

«ትንሽ ቆይቼ እነግራታለሁ።»

ያ «ትንሽ ቆይቼ» እየተጎተተ ሄደ። እናት ትደውላለች፤ ልጅ ታመካኛለች። «አሁን ገና ተኛች እማዬ።» «መንገዱ ጭቃ ነው እማዬ።» «ጥርስ እያወጣች ነው፤ አስቸግራናለች።» እትዬ ሽቶ ስልኩን ትዘጋና በአጥሩ ላይ ለጠጉር ሠሪዋ ትጮኻለች፦ «ይቺ ልጅ ዛሬም ጥርስ እያወጣች ነው አሉኝ። አዞ ናት እንዴ?»

ጠጉር ሠሪዋ ነገሩን ጠርጥራለች። የጠጉር መቆንጠጫውን በጥርሷ ነክሳ እንዳልሰማች ሆነች።

እትዬ ሽቶ ቀልዷን ከጨረሰች በኋላ ሆድ ይብሳት ነበር። የልጅ ልጇን ማቀፍ ከመፈለግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ያን የከለከላት ማን እንደሆነም ለራሷ ነግራ ጨርሳለች። ሹፌሩ ነው። «ናቀኝ። የአጣቢ አማች መባሉ አሳፈረው። ልጄን አፏን ዘጋብኝ» ትላለች። ሚኒባሱ በሰፈሩ ሲያልፍ እጇን ዘርግታ ታስቆመውና ከሹፌሩ ጎን የልብስ ጥቅል ታስገባለች። «ላንተ አይደለም፤ ለልጅቱ ነው» ትለዋለች ፊቷን አዙራ። እሱ «እሺ እማማ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ከኋላው ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። አንድ ቀን ጭራሽ «አንተ ድንጋይ! ያንተም እናት እንዲህ ደጅ ትጥና!» ብላ ሰው ፊት ረገመችው። እሱ አሁንም «እሺ እማማ» አለ።

አንድ እሑድ ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ። ከቀሚሶቿ ሁሉ የምትወደውን ባለ አበባውን ከዋዜማው ጀምራ ዘፍዝፋው ነበር። ተኩሳ ለበሰችው፤ ሹራቧንም ሻሿንም እንዲሁ አዘጋጀች። ሳትደውል ሄደች።

በሩን የከፈተው ሹፌሩ ነው። ሲያያት ደነገጠ፤ ወደ ውጭ ወጣና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ። ደረጃው ላይ ደስ የሚል ፀሐይ አለ፤ እዚሁ ቁጭ እንበል?»

«ደረጃው ላይ? ለማኝ መሰልኩህ?»

«ኧረ በፍጹም! ባለቤቴ ሱቅ ደርሳ ልትመለስ ነው፤ እሷ ትምጣና...»

«ባለቤትህን እኮ የወለድኳት እኔ ነኝ። ዞር በል!»

ዞር አላለም። ምን እንደሚላት ጨንቆት እጁን ያፋትጋል። በዚህ መሐል እትዬ ሽቶ ዓይኗ ወደ ጓሮው ሄደ። የላከቻቸው ብርድ ልብሶች አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል። ዛሬ የተሰጡ አይመስሉም፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆባቸው ቀለማቸው ነጥቷል።

«የእጄን ሥራ ሜዳ ላይ ነው የምትጥለው?» አለች። ቁጣው ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

ይህን ጊዜ ሕፃኗ ገርበብ ባለው በር፣ በአባቷ እግሮች መሐል እየዳኸች ወጣች። እትዬ ሽቶ ጎንበስ ብላ አፈፍ አደረገቻት። ሹራቧን ገልጣ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ መልሳ ሸፈነቻት።

«እማማ፣ እባክዎ ይስጡኝ!»

«አልሰጥህም! የኔም ናት!» ብላ ጀርባዋን አዞረችበት።

ሕፃኗ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አሳላት። ከዚያ ሳሉ አላቆም አለ፤ የምትስበው አየር እየቀጠነ ፉጨት ሆነ፤ የከንፈሯ መልክ ተለወጠ። እናትዬዋ ፌስታሏን መንገድ ላይ ጥላ ስትሮጥ ደረሰች። ሕፃኗን ከአያቷ እቅፍ መንጭቃ ወሰደቻት፤ የለበሰችውን አወለቀችላት። አባትየው ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ይዞ ከቤት ወጣ። ነፉላት፤ ጠበቁ፤ ደግመው ነፉላት። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እትዬ ሽቶ ሕፃን እንዳቀፈች ያህል ክንዶቿን አጥፋ እንደቆመች ቀረች።

«ምን አደረግኳት? ምን ሆነች?»

«ልብስሽ ነው እማዬ!» ልጇ ጮኸች። «ልብስሽ ነው!»

«ልብሴ ምን ሆነ? ንጹሕ ነው እኮ፤ ዛሬ ነው የተኮስኩት!»

«ሽታው ነው!»

«የምን ሽታ?»

ሹራቧን ሰብስባ አፍንጫዋ ላይ ደቅና ሳበች። ደግማ ሳበች። «ምንም አይሸትም እኮ! ማለስለሻው ራሱ ውሃ ነው። ካላመንሽኝ ባለሱቁን ጠይቂው...»

ልጇና ሹፌሩ ተያዩ። ያን ሁሉ ጊዜ በግትርነቷ ሲያዝኑ የኖሩባት ሴት፣ ለካ የምታደርገውን አታውቅም ነበር።

«እማዬ...» አለች ልጇ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እውነት አይሸትሽም?»

እትዬ ሽቶ የሁለቱንም ፊት አየች። ሹፌሩ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። እሷም ሻሿን አስተካክላ ተመለሰች። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስትደርስ ረዳቱ መስኮት ሲከፍት አየችውና ሳትሳፈር በእግሯ ሄደች።

ቤቷ ገብታ ያገኘችውን ሁሉ ማሽተት ያዘች። ሳሙናውን፣ ላምባውን፣ የተከተፈውን ሽንኩርት። የበረኪናውን ጠርሙስ ስትከፍት ዓይኗን አቃጠላት፤ ከዚያ በቀር ምንም። በጓሮ በር ወጥታ ጠጉር ሠሪዋ ዘንድ ገባች። ጠጉር ሠሪዋ አንዲት ደንበኛ ጠጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር አስቀምጣ የሌላዋን ጠጉር ታበጥራለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። እሸታለሁ?»

«ኧረ እትዬ፣ አንቺ ደግሞ...»

«በልጄ ይዤሻለሁ!»

ጠጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ቀልድ ፈለገች፤ አልመጣላትም። «ትሸቻለሽ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ።»

«ጫማ ጠጋኙ... ጉንፋን አይደለም?»

«አይደለም።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ማን አያውቅም ብለሽ ጠይቂኝ፤ እሱ ይቀለኛል።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ፤ ማንም አልጠየቃትም።

«አንቺስ? አጥር ለአጥር ተቀምጠን?»

«ስንት ጊዜ ልነግርሽ ተነሣሁ መሰለሽ» አለች ጠጉር ሠሪዋ። «አንድ ቀን ጭራሽ በርሽ ድረስ መጣሁ። ልብስ ስታሰጪ አገኘሁሽ፤ ለብቻሽ ታንጎራጉሪያለሽ። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ተመለስኩ።»

እትዬ ሽቶ በሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የደረቀውን ጠጉር የሚያወጣላት አጥታ ደንበኛዋ ካስኩ ውስጥ ትበስል ጀመር፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አላጉረመረመም።

ማለስለሻ የሚባል ጠርሙስ ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ጠጉር ሠሪዋ «በመጨረሻው ውሃ ላይ ነጩን አቼቶ አድርጊበት፤ ያለሰልሰዋል፤ ሲደርቅ ሽታውም ይጠፋል። ከበረኪና ጋር ብቻ እንዳታገናኚው» ብላ መከረቻት። እትዬ ሽቶ አቼቶ ሰላጣ ላይ እንጂ አንሶላ ላይ ሲደረግ አይታ አታውቅም። በጠርሙሱ ክዳን ለካች። ክዳን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበርና ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እርጥቡን ልብስ ከማስጣቷ በፊት በኃይል ታራግፈዋለች፤ ሲደርቅ ደግሞ እስኪላላ በመዳፎቿ መሐል ታሸዋለች። መጋረጃው፣ የፍራሹ ጨርቅ፣ የትራሱ ልብስ፣ ሁሉም በሙቅ ውሃ ተመላለሰ። ማሽኑን ባዶውን በሙቅ ውሃና በአቼቶ አሽከረከረችው፤ ግድግዳውን ሳይቀር አጠበች።

ግን ሽታው መልቀቁን በምን ታውቃለች? የጠጉር ሠሪዋ አፍንጫ ሸሚዝ ሲፈርድ እንደነበረው አይደለም፤ በጠጉር መድኃኒት ደንዝዞ፣ የሚያፍን ሽታ ካልሆነ በቀር ቀጭኑን አይይዝም። ስለዚህ እትዬ ሽቶ የታጠበውን እየያዘች ጫማ ጠጋኙ ዘንድ መሄድ ጀመረች። ከበርጩማው አጠገብ ቆማ ሹራቡን ትዘረጋለታለች። ያስነጥሰዋል። «ገባኝ» ትልና መልሳ ታጥበዋለች። ሌላ ቀን ትመጣለች፤ ያስነጥሰዋል።

«ያን ሁሉ ጊዜ ይማርህ ስልህ በልብህ ምን ትለኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«አሜን ነበር የምለው» አለ ሰውየው።

ደንበኞቿ መቀነስ ጀመሩ። «ልብሴ ምንም አይሸትም፤ መታጠቡን በምን ልመን?» ያለ አለ። ሸሚዙን ይዞ የሄደና ሁለተኛ ያልተመለሰ ባልም አለ፤ ምክንያቱን ጠጉር ሠሪዋ ታውቀዋለች። እትዬ ሽቶ ማንንም አልተከራከረችም። አስተማሪዋን መንገድ ላይ ስታገኛት ልትናገራት አፏን ከፈተች፤ አስተማሪዋ ግን ሌላውን ጠርዝ ይዛ አለፈች።

ጫማ ጠጋኙ ሹራቡ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ያላስነጠሰበት ቀን ሲመጣ ዓመት ዞሮ ክረምቱ አልፎ ነበር። «ጨርቅ ነው የሚሸተው» አለ። «ዝም ብሎ ጨርቅ።»

መጀመሪያ ልጇ ብቻዋን መጣች፤ ቤቱን ልታይ። ክፍሉን ሁሉ ዞረች። መጋረጃውን አሸተተች፤ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባች፤ ከዚያ የእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትራሱን አነሣች። ትራሱን ይዛ ቀረች።

«አለ እንዴ?» አለች እትዬ ሽቶ ከበሩ ላይ።

«የለም። ምንም የለም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ትምህርት ቤት ልጆች ሲያስከፉኝ ኮሌታዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነበር የማለቅሰው። እዚያው አጠገቤ ያለሽ ይመስለኝ ነበር» አለች ልጇ። «ያኔውኑ ብነግርሽ ኖሮ ትንሽ ትቀንሺ ነበር። ሁሉንም ማጥፋት አይጠበቅብሽም ነበር። አፍንጫሽንም ሐኪም ያየው ነበር። ፈራሁሽ እማዬ።»

«አውቃለሁ። አስተማሪዋን እርጥብ ልብስ ሳስታቅፋት አጠገቤ ነበርሽ እኮ። ያን ያየ ሰው እንዴት ይንገረኝ?» አጠገቧ ተቀመጠች። «ባልሽን ደግሞ ያላልኩት የለም።»

«እሱ ረስቶታል።»

«እኔ አልረሳሁትም። ሰው ፊት ነው የረገምኩት። አንድ ቃል ቢመልስልኝ ያኔውኑ አውቀው ነበር። እሺ እማማ ብቻ!»

እትዬ ሽቶ ትራሱን ከልጇ እጅ ወስዳ ቦታው መለሰችው።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም መጡ። ልጅቱ አሁን በእግሯ ትሄዳለች፤ ታወራለች፤ ጸጉሯ ተጎንጉኗል። በዳዴ ያየቻት እትዬ ሽቶ መሐሉ የት እንደሄደ አጥታ በሩ ላይ ተንበረከከች። ለሹፌሩ ብዙ ነገር ልትለው አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው «ይቅር በለኝ ልጄ» ብቻ ነው። እሱም «ኧረ እማማ፣ ይተዉት» አለ። ከዚያ ክንዶቿን ዘረጋች።

«ነይ የኔ እናት። ነይ የኔ ዓለም።»

ልጅቱ የተዘረጉትን እጆች አየች። አየችና ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«አልነካም» አለች ጮክ ብላ፣ ትምህርቷን እንደምትመልስ ልጅ። «የአያቴን አልነካም።»

ልጇ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቱ ሽታቸው እስኪለቅ አጥሩ ላይ ወደተሰጡት ብርድ ልብሶች በሄደች ቁጥር «የአያትሽ ነው፤ እንዳትነኪ!» እያለች፣ ደርሳ እየመለሰቻት ነው ያሳደገቻት።

«አሁን መንካት ይቻላል፤ ሂጂ» አለ ሹፌሩ፣ ጀርባዋን ገፋ እያደረገ። ልጅቱ አባቷን የዋሸ ሰው እንደሚታይ አድርጋ አየችውና ጉልበቱ ኋላ ገባች።

«ተዋት፤ አትግፋት» አለች እትዬ ሽቶ። «ልክ ናት።»

የተዘረጉት ክንዶቿ ዛሉ። ቀስ ብላ ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እሷም ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ አደረገች።

«እኔም አልነካም» አለች።

ልጅቱ ይህን አልጠበቀችም። ከአባቷ ጉልበት ኋላ ወጣች። አያቷ እጇን እውነት መደበቋን ለማጣራት በጎን ዞራ ከኋላዋ አየች። ተመልሳ መጣችና ፊት ለፊቷ፣ ክንድ ቢዘረጋ በማይደርስበት ርቀት፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ተያዩ። ልጅቱ ምላሷን አወጣች፤ አያቷም አወጣች። ልጇ ማየቱ ከበዳትና ወደ ግቢው ወጣች፤ ባዶው ማስጫ ገመድ ሥር ቆማ ጠበቀች።

ሲሄዱ ልጅቱ እጇን አላወዛወዘችም። በአገጯ ነው የተሰናበተቻት። እትዬ ሽቶም በአገጯ መለሰችላት። እጆቿን ከጀርባዋ ያወጣችው ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላ ነው።